ሬስቲክ 0.12 ይበቃናል ወይስ እናሳድገው? ከደብረ ማርቆስ የተነሣ ክር

መነሻ። ክር የምለው በአንድ ርእስ ላይ በተከታታይ የሚጻፍ የኢንተርኔት ውይይት ነው፤ ይህኛው ባክአፕ (የመጠባበቂያ ቅጂ) ስለሚሠራው ፕሮግራም ስለ ሬስቲክ ነው። ክሩን የከፈተው ደብረ ማርቆስ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት ሰርቨር የሚጠብቅ ባለሙያ ነው። በጥያቄ ይጀምር እንጅ ይዞ የመጣው አቋም ነው። የሊኑክስ ዓይነት የሆነው ኡቡንቱ 22.04 ይዞት የመጣው ሬስቲክ 0.12.1 ሥራውን በወጉ እየሠራ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የወጡት ለውጦች ጥቃቅን ናቸው፤ ለጥቃቅን ነገር ተብሎ የሚሠራ ነገር አይነካም። ደግነቱ ሁኔታውን በዝርዝር አስቀምጦታል። ወደ 400 ጊጋባይት የሚጠጋ የብራና መጻሕፍት ፎቶ ቲፍ በሚባለው የፋይል ዓይነት አለ፤ በየሌሊቱ ከማይኤስኪውኤል የሚወጣ የዳታቤዝ ቅጂ አለ፤ ሒሳብ ክፍል ውስጥ ደግሞ ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም የተጫነባቸው ሁለት የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች አሉ። ሦስቱም ባክአፕ የሚያደርጉት ባሕር ዳር ወዳለ ሰርቨር፣ በኤስኤፍቲፒ (ፋይል በኔትወርክ መላኪያ መንገድ)፣ ወደ አንድ ማከማቻ ነው። መስመሩ ሲልክ 2 ሜጋቢት ነው፤ መብራትም ይሄዳል ይመጣል።

1ኛ ምላሽ። ከፍኖተ ሰላም፣ እርስዎ እያለ በአክብሮት የተጻፈ። የሚሠራን ነገር አለመነካካት ጥሩ ልማድ መሆኑን ይቀበልና ጥቃቅን የተባሉትን አንድ በአንድ ይጠራል። በ2022 የወጣው 0.14 ዜድኤስቲዲ በሚባለው ስልት ዳታን መጭመቅ አመጣ፤ ለዚህም ሁለተኛው የማከማቻ ቅርጽ ተፈጠረ። በ2023 የወጣው 0.16 ማከማቻው በሌላ ሥራ ተቆልፎ ሲያገኝ ወዲያው ከመውደቅ ይልቅ ጠብቆ እንዲሞክር የሚያዝዘውን ሪትራይ-ሎክ ጨመረ። በ2024 የወጣው 0.17 ደግሞ መመለሻውን አሻሻለ፤ ዲስኩ ላይ ያለው የፋይል ክፍል ከተቀመጠው ጋር አንድ ከሆነ ደግሞ አያወርደውም፤ በድራይ-ረን ምን ሊያደርግ እንደሆነ ሳያደርገው ያሳያል። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ 400 ጊጋባይት እየመለሱ ሳለ መሐል ላይ ቢቋረጥ እንደገና ሀ ብሎ አለመጀመር ብቻውን ለማሳደግ ይበቃል ባይ ነው።

2ኛ ምላሽ። ከባሕር ዳር። መጭመቁ ሲበራ 400ው ጊጋባይት ወደ ግማሽ ይወርዳል ብሎ በእርግጠኝነት ጻፈ።

3ኛ ምላሽ። የክሩ ትሕትና የሚሳሳው እዚህ ነው። 2ኛው የጻፈውን ማን እንደለካው ይጠይቅና ሒሳቡን ራሱ ይሠራል። በ24 ሜጋፒክስል ካሜራ የተነሣ፣ ያልተጨመቀ፣ ለአንድ ቀለም 8 ቢት የያዘ ቲፍ 72 ሜጋባይት ይሆናል። ያ ግን ጽሑፍ አይደለም፤ የብራናው ቆዳ ቀለምና የካሜራው ሴንሰር ብናኝ በእያንዳንዱ ፒክስል ላይ ስለሚለያይ ዜድኤስቲዲ የሚይዘው ድግግሞሽ ትንሽ ነው። ጄፔግ ከሆነማ ጭራሽ የሚቀነስ የለም። እውነተኛው ትርፍ የዳታቤዙ ቅጂ ላይ ነው። ያም ቢሆን ቅጂው በጂዚፕ ታሽጎ መምጣት የለበትም፤ ሬስቲክ ፋይሉን ከ512 ኪሎባይት እስከ 8 ሜጋባይት፣ በአማካይ 1 ሜጋባይት እያደረገ የሚቆራርጠው በይዘቱ ስለሆነ፣ በጂዚፕ የታሸገ ፋይል መጀመሪያው አካባቢ አንድ መስመር ከተለወጠች ከዚያ በታች ያለው ሁሉ አዲስ ሁኖ ይታየዋል። ስለዚህ ማይኤስኪውኤል-ደምፕ በሲንግል-ትራንዛክሽን፣ በስኪፕ-ደምፕ-ዴት፣ ሳይታሸግ ይውጣ፤ መጭመቁን ሬስቲክ ራሱ ይሥራው። የፒችትሪ ባክአፕ ፋይልም ከመነሻው የታሸገ ስለሆነ በየቀኑ እንደ አዲስ እንደሚቆጠር ጨምሯል። ቃናው ይቆጣል እንጅ የተናገረው ሁሉ ልክ ነው።

4ኛ ምላሽ። ከደንበጫ። እንዴት እንደሚያድግ ደረጃ በደረጃ ይነገረን ይላል፤ ሌላ ነገር የለውም።

5ኛ ምላሽ። ከቡሬ፣ ከክሩ ሁሉ ረጅሙ። የኡቡንቱው ፓኬጅ ራሱን ስለማያሳድግ አዲሱን ከፕሮጀክቱ የመልቀቂያ ገጽ በቢዜድ-ቱ የታሸገውን ማውረድ፤ ፋይሉ ትክክለኛው መሆኑን ለማረጋገጥ አብሮ ከሚለቀቀው የሻ-256 ዝርዝር ጋር ማመሳከር፤ ፈትቶ ዩኤስአር-ሎካል-ቢን በሚባለው ማኅደር ውስጥ ማስቀመጥና የማስኬጃ ፈቃድ መስጠት። ሁለቱ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችም በዚያው ቀን አዲሱን ያግኙ፤ ሁለተኛውን ቅርጽ ከ0.14 በታች ያለ ሬስቲክ መክፈት አይችልምና አንዱ ከተረሳ በማግሥቱ ሒሳብ ክፍል ባክአፕ የለውም። ከዚያ ማከማቻው ደኅና መሆኑን የሚመረምረው ቼክ። ቼኩ ንጹሕ ከሆነ ማይግሬት በሚለው ትእዛዝ አፕግሬድ-ሪፖ-ቪ2። ቀጥሎ የማያስፈልግ ዳታን ከማከማቻው የሚያጸዳው ፕሩን፤ ይህ ማውጫዎቹን፣ ማለት ምን የት እንዳለ የተመዘገበባቸውን ፋይሎች፣ ይጨምቃል። በመጨረሻ ፕሩን ከሪፓክ-አንኮምፕረስድ ጋር፤ ይህ የድሮውን ዳታ ሁሉ አውጥቶ ጨምቆ ይመልሰዋል።

6ኛ ምላሽ። አጭር ናት፤ ግን ከዚህች የበለጠ ብዙ ሰው የሚያድን ምላሽ በክሩ ውስጥ የለም። ተጠቃሚው የራሱ ክሮንታብ (ክሮን የሚባለው ፕሮግራም በየሰዓታቸው የሚያስነሣቸው ሥራዎች ዝርዝር) ውስጥ የሚጽፈው ሥራ በኡቡንቱ ላይ ፕሮግራም የሚፈልገው ዩኤስአር-ቢን እና ቢን ውስጥ ብቻ ነው፤ ዩኤስአር-ሎካል-ቢንን አያይም። ስለዚህ ተርሚናል ላይ ቨርዥን ሲጠየቅ 0.17 ይላል፤ ሌሊት ክሮን የሚያስነሣው ግን ያንኑ አሮጌውን 0.12.1 ነው፤ ማከማቻው ወደ ሁለተኛው ቅርጽ ከተሻገረ ደግሞ ያ አሮጌ ሳይከፍተው ይወድቃል። ወይ በአፕት (በኡቡንቱ የፕሮግራም መጫኛ) የገባውን አሮጌ ማስወገድ፣ ወይ በክሮን መስመሩ ላይ ሙሉ መንገዱን መጻፍ።

7ኛ ምላሽ። ከእንጅባራ። 5ኛው የመስመሩን ፍጥነት አንብቦት እንደሁ ይጠይቃል። ሪፓክ ማለት ዳታውን ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ማርቆስ አውርዶ፣ ጨምቆ፣ መልሶ መላክ ነው። 400 ጊጋባይት በ2 ሜጋቢት ለመላክ ብቻ ያለ እረፍት 18 ቀን ተኩል ይፈጃል፤ መጨመቁ የሚተርፈው ጥቂት መሆኑን 3ኛው አስረድቶ ሳለ ይህን መምከር ምን ይባላል ይላል። መፍትሔ ግን ሳይሰጥ አልሄደም። የሬስቲክ ማከማቻ ተራ የፋይሎች ማኅደር ነው፤ በኤስኤፍቲፒ የተጻፈውን እዚያው ሰርቨሩ ላይ ገብቶ እንደ አካባቢ ዲስክ መክፈት ይቻላል። ፕሩንና ሪፓክ ባሕር ዳር ሰርቨሩ ላይ ይሂዱ፤ መስመሩ አይነካም። ሁለት ማስጠንቀቂያ አለው። አንደኛ፣ በኤስኤፍቲፒ በሚገባው ተጠቃሚ ስም ይሠራ፤ በሩት (በዋናው አስተዳዳሪ ስም) ከተሠራ አዲሶቹ ፋይሎች የሩት ይሆኑና በማግሥቱ ባክአፑ ማንበብ ያቅተዋል። ሁለተኛ፣ የይለፍ ቃሉ እዚያ ሰርቨር ላይ ይገባልና ሰርቨሩን ማን እንደሚያስተዳድረው ይታሰብበት።

8ኛ ምላሽ። 5ኛው ተመልሶ መጣ፤ እርስዎ ማለቱን ትቶ አንተ ብሎ ጀመረ። የጻፈው ለሁሉም የሚሆን አጠቃላይ አሠራር እንጅ ለአንድ መስመር የተለካ አለመሆኑን፣ ማክስ-ሪፓክ-ሳይዝ በሚለው አማራጭ በየሌሊቱ 1 ጊጋባይት ብቻ እንዲሠራ ማዘዝ እንደሚቻል ይናገራል። አማራጩ አለ፤ ግን 400 ሌሊት ማለት መሆኑን አላሰላውም።

9ኛ ምላሽ። ከሞጣ፣ በእርጋታ። ሁለቱ የሚጣሉበት ነገር ሁለት የተለያየ ሥራ መሆኑን ያሳያል። ፕሮግራሙን ማሳደግ አንድ ነገር ነው፤ ማከማቻውን ወደ ሁለተኛው ቅርጽ ማሻገር ሌላ ነው። 0.17 የመጀመሪያውን ቅርጽ ያለ ምንም ችግር ያነባል፣ ይጽፋልም። ስለዚህ የመመለሻው፣ የመቆለፊያው፣ የመውጫ ቁጥሮቹ (ፕሮግራሙ ሲያበቃ ውጤቱን የሚነግርባቸው) ማሻሻያ ሁሉ ማከማቻው ሳይነካ ይገኛል። ቅርጹን ማሻገር ቢያስፈልግም ሪፓኩን መተው ይቻላል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚገባው ዳታ ብቻ ይጨመቃል። ለእኔ የክሩ ፍሬ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ መነሻው ጽሑፍም ይህን ለይቶ ቢያየው ኖሮ ግማሹ ጠብ ባልተነሣ። ምላሹ የሚያበቃው ለአዲስ ጀማሪዎች በሚሆን ምክር ነው። የመጀመሪያው ቅጂ በመስመር አይላክ፤ በሊኑክሱ የፋይል ሥርዓት በኤክስት-ፎር በተሰናዳ ውጫዊ ዲስክ ላይ ማከማቻው ይፈጠር፣ ዲስኩ በአውቶቡስ ባሕር ዳር ይድረስ፣ እንዳለ ሰርቨሩ ላይ ይገልበጥ፣ ከዚያ የየቀኑ ልዩነት ብቻ በመስመር ይሂድ። ኤክስፋት መብራት ሲቋረጥ የሚጠብቀው የጆርናል መዝገብ ስለሌለው ለዚህ አይሆንም።

10ኛና 11ኛ ምላሽ። ዲስኩ በየት በኩል ይሂድ ወደሚል ክርክር ገቡ። አንዱ በቡሬና በዳንግላ ይላል፤ ሌላው በቢቸናና በሞጣ ይላል። ከዚህ የሚወሰድ አንድ ቁም ነገር ቢኖር የሚሽከረከር ዲስክ ከአውቶቡስ ጣራ ላይ ከሻንጣ ጋር እንዳይጫን፣ በእጅ እንዲያዝ የተባለው ነው።

12ኛ ምላሽ። ክሩን ወደ መብራቱ ጉዳይ መለሰው። ባክአፕ እየተሠራ መብራት ሲጠፋ የተላከው ሁሉ አይጠፋም፤ ወደ ማውጫ የተመዘገበው ክፍል በሚቀጥለው ሙከራ ዳግም አይላክም። በመሐል ያለው ጥቅል (ዳታው ተጠቃሎ የሚላክበት ፋይል) ግን ከዜሮ ይጀምራል። የጥቅሉ መጠን በተለመደው 16 ሜጋባይት ነው፤ ፓክ-ሳይዝን ወደ 64 ወይም 128 ማሳደግ የፋይሎቹን ብዛት ይቀንሳል፤ በሚቆራረጥ መስመር ላይ ግን በእያንዳንዱ መቋረጥ የሚጣለውን ያበዛል። 16ቱ ላይ መቆየት ይሻላል። ሌላው መቆለፊያው ነው። ድንገት የሞተ ባክአፕ ቁልፉን ማከማቻው ውስጥ ትቶት ይሄዳል። የሚቀጥለው ባክአፕ ግድ የለውም፤ ባክአፕና ባክአፕ አይከላከሉም። ብቻውን መሆን የሚፈልገው ፕሩን ግን ይቆማል። 1ኛው ያወደሰው ሪትራይ-ሎክ እዚህ አይረዳም፤ ባለቤቱ የሞተ ቁልፍ ቢጠብቁት አይለቅምና። ከፕሩን በፊት አንሎክን ያለ ምንም አማራጭ ማስኬድ በቂ ነው፤ ጊዜ ያለፈባቸውን ብቻ ያነሣል። ሪሙቭ-ኦል የሚለውን መጨመር ግን በሥራ ላይ ያለውን የሌላ ኮምፒውተር ቁልፍ ጭምር ስለሚሰብር አይደረግም። ከ0.17 ጀምሮ መቆለፍ ሲያቅተው በ11 ቁጥር ስለሚወጣ ስክሪፕቱ ይህን ከሌላ ስሕተት ለይቶ ማወቅ ይችላል።

13ኛ ምላሽ። ሰዓትን ይመለከታል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት እንዲሠራ የተፈለገ ሥራ ክሮን ላይ 2 ተብሎ ይጻፋል። 8 ከተጻፈ ጠዋት 2 ሰዓት፣ ሠራተኛው ገብቶ መስመሩ በሚጨናነቅበት ሰዓት ይነሣል። ሰርቨሩ የዓለም አቀፉን ሰዓት ይዞ ከሆነ ደግሞ ሌላ 3 ሰዓት ይጨመርበታል፤ ታይም-ዴት-ሲቲኤል የሚለው ትእዛዝ የሰዓት ቀጠናውን የአዲስ አበባ ማለቱን ማየት ያሻል። መብራት ባልነበረበት ሰዓት ላይ የዋለ የክሮን ሥራ ስለሚዘለል በሌላው የሊኑክስ ሥራ አስነሺ በሲስተምዲ ታይመር ተክቶ ፐርሲስተንት የሚለውን አማራጭ እሺ ማለት ይሻላል፤ ማሽኑ ሲነሣ ያለፈውን ይሠራል።

14ኛ ምላሽ። ከ13ኛው ላይ ይቀጥላል፤ ይህ ስንት ሰው ያስባል? በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር-2032 ባትሪ ስትሞት መብራት በሄደ ቁጥር የኮምፒውተሩ ቀን ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል። በዚያ ቀን የተሠራ ስናፕሾት (የአንድ ጊዜ ባክአፕ) የድሮ ቀን ይለጠፍበትና የቆዩትን የሚጥለው የፎርጌት ትእዛዝ ሲመጣ ያረጀ መስሎት ይጥለዋል። ባትሪዋ ትለወጥ፤ ታይመሩም ሰዓቱ ከኔትወርክ ከተስተካከለ በኋላ ብቻ እንዲነሣ ይታዘዝ።

15ኛ ምላሽ። ከዳንግላ። ከሁሉም በላይ ወደ መሥሪያ ቤቶቻችን ሕይወት የቀረበው ይህ ነው። ሁሉም ፎርጌትን የሚያዝዘው ከመመሪያ በተቀዳ መስመር ነው፤ የየቀኑ 7፣ የየሳምንቱ 5፣ የየወሩ 12፣ የየዓመቱ 10። ሬስቲክ ግን ወርና ዓመት የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። የየዓመቱ ተብሎ የሚተርፈው የዲሴምበር 31 ስናፕሾት፣ ማለት የታኅሣሥ 22 ነው፤ የበጀት ዓመት ግማሽ ላይ የተነሣ ሒሳብ ለማንም አይረባም። ሰኔ 30 ጁላይ 7 ላይ ይውላል። የየወሩ የሚያተርፈው ደግሞ የጁላይ 31ዱን፣ ማለት የሐምሌ 24ቱን ነው። ስለዚህ የዓመት መዝጊያው ቀን ሒሳብ በየቀኑና በየሳምንቱ ውስጥ ጥቂት ጊዜ ቆይቶ ይጠፋል፤ ኦዲተር ሲመጣ የለም። መፍትሔው ታግ፣ ማለት ስናፕሾቱ ላይ የሚለጠፍ ምልክት ነው። ሰኔ 30 ማታ የሚሠራው ባክአፕ የራሱ ታግ ይሰጠው፤ በፎርጌት መስመር ላይ ኪፕ-ታግ ተብሎ ያው ታግ ይጻፍ። ክሮን ላይ ቀኑ 7 ወሩም 7 ስለሆነ ማስታወሱ አይከብድም። ከዘገየም ታግ በሚለው ትእዛዝ በኋላ መለጠፍ ይቻላል፤ የስናፕሾቱ መለያ ቁጥር ግን ይለወጣል፤ መዝገብ ላይ የድሮውን ቁጥር የጻፈ ሰው ያስተካክል። ማስተካከያ ሒሳቦቹ ከተወራረዱ በኋላ ሁለተኛ ታግ መለጠፍንም ይመክራል።

16ኛ ምላሽ። እርማት። ዲሴምበር 31 ሁልጊዜ ታኅሣሥ 22 አይውልም፤ ጳጉሜ 6 ከሆነች በኋላ ባለው ዓመት 21 ላይ ይውላል። ሰኔ 30 ግን አይናወጥም። እርማቱ ፍሬ ነገሩን ባይነካውም ትክክል ነው።

17ኛ ምላሽ። ሌላ የፎርጌት ወጥመድ ያክላል። ስናፕሾቶቹ የሚመደቡት በኮምፒውተሩ ስምና በሚገለበጡት ማኅደሮች ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ ላይ አንድ ማኅደር ከተጨመረ አዲስ ምድብ ይጀመራል፤ የድሮው ምድብ ቆጠራው ስለቆመ የያዘው ሁሉ እንደተያዘ ይቀራል፣ ቦታውም አይለቀቅም። ግሩፕ-ባይ የሚለውን አማራጭ በኮምፒውተር ስም ብቻ ማድረግ ይህን ያስቀራል።

18ኛ ምላሽ። የዊንዶውሶቹን ፋይሎች ሊኑክስ ላይ ስንመልስ ስሙ ረዘመ እያለ ይተዋቸዋል፣ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ።

19ኛ ምላሽ። ይህን ከእኛ በቀር ብዙ ሰው አያገኘውም። ኤክስት-ፎር ለአንድ ስም የሚፈቅደው 255 ባይት ነው፤ የግእዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ሦስት ባይት ይወስዳል። 255ን ለ3 ስናካፍል 85 ፊደል። የዊንዶውሱ የፋይል ሥርዓት ኤንቲኤፍኤስ ግን 255 ፊደል ሙሉ ይቀበላል። የመጽሐፉን ሙሉ ስም፣ የደብሩን ስም፣ የገጹን ቁጥር በአንድ ፋይል ስም ላይ የሚደረድር ሰው 85ን ሳያውቀው ያልፋል። ባዶ ቦታና የተለመዱት ቁጥሮች አንድ አንድ ባይት ብቻ ናቸው። ስሙን አሳጥሮ ሙሉ ዝርዝሩን በአንድ የሠንጠረዥ ፋይል መያዝ ይመክራል። አስቀድሞ ለመመርመር ፋይንድ የሚለው ትእዛዝ ስሞቹን ብቻ እንዲያወጣ አድርጎ፣ ርዝመት በባይት እንዲቆጠር ኤልሲ-ኦልን ሲ ካሉ በኋላ ኦክ በሚለው ትእዛዝ ርዝመታቸው ከ255 የሚበልጡትን ማስለየት። የዚህ ምላሽ ሰው ፊደል ላይ ሳለ ሌላም ጨመረ። የማይገለበጡትን በኤክስክሉድ ስንጽፍ ሬስቲክ ድምፅ አይሰማም፤ ሥራ እና ስራ ለእሱ ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው። በማዕዘን ቅንፍ ሁለቱን ፊደላት አቅፎ፣ [ሥስ]ራ ብሎ መጻፍ ሁለቱንም ይይዛል። የይለፍ ቃልን ግን በግእዝ መጻፍ አይገባም፤ ማሽኑ ሲበላሽ የሚከፈተው ጥቁር ስክሪን ላይ የአማርኛ መክተቢያ የለም።

20ኛ ምላሽ። ይህን ሁሉ መከራ ትታችሁ ቦርግ የሚባለውን ሌላ የባክአፕ ፕሮግራም ውሰዱ አለ፤ መጭመቅ ከድሮ ጀምሮ አለው። 21ኛው ወዲያው ቦርግ ለዊንዶውስ የተሠራ ቅጂ እንደሌለው፣ ከ1.2 ወዲህም ፕሩን ብቻውን ቦታ እንደማይለቅ፣ ኮምፓክት የሚለው ትእዛዝ መከተል እንዳለበት መለሰለት። የሒሳብ ክፍሉ ኮምፒውተሮች ባይኖሩ ክርክሩ ይቀጥል ነበር።

22ኛ ምላሽ። ከደጀን። ቼክ ብቻውን የጥቅሎቹን ይዘት እንደማያነብ አስታውሶ፣ ከፊሉን ዳታ የሚያስነብበውን ሪድ-ዳታ-ሰብሴትን በየወሩ አንድ አሥራ ሁለተኛ እያደረጉ ማዳረስ ይሻላል አለ። ይህም 7ኛው እንዳለው ባሕር ዳር ሰርቨሩ ላይ ይሂድ፤ ከደብረ ማርቆስ ከሆነ በየወሩ ከ33 ጊጋባይት በላይ መውረድ ይኖርበታል። 23ኛው ጳጉሜ ድርሻዋን እንድታገኝ አንድ አሥራ ሦስተኛ ይሁን ብሎ ቀለደ። ቀልዱ ግን ይሠራል፤ ክፍልፋዩ 13 መሆን ይችላል።

24ኛ ምላሽ። ክሩን የከፈተው ሰው ተመለሰ። በ9ኛው መሠረት ሦስቱንም ማሽኖች ወደ 0.17 አሳድጎ ማከማቻውን በመጀመሪያው ቅርጽ እንደሚተወው አስታወቀ። ለ2ኛው፣ ለ5ኛውና ለ7ኛው አልመለሰም። አንድ ጥያቄ ግን አለው። ስክሪፕቱ ባክአፕ ከተሳካ ፎርጌትን እንዲያስከትል በሁለት አምፐርሳንድ (&&) የተያያዘ ነው፤ ፒችትሪ ተከፍቶ ባደረ ቁጥር ፎርጌቱ አይነሣም።

25ኛ ምላሽ። የሚያልቀው በዚህ ነው። የተያዘ ፋይል ማንበብ ሲያቅተው ሬስቲክ የቀረውን ገልብጦ ስናፕሾቱን ይፈጥርና በ3 ቁጥር ይወጣል፤ አምፐርሳንዱ ደግሞ ከ0 ሌላ ሁሉን ውድቀት ይለዋል። የመውጫ ቁጥሩ በተለዋዋጭ ይያዝ፤ 0 ወይም 3 ከሆነ ፎርጌቱ ይቀጥል፤ 3 ሲሆን ግን ያልተነበቡት ፋይሎች ዝርዝር የሚወጣው በስሕተት መስመር ስለሆነ ወደ መዝገብ ፋይል ይመራና ጠዋት ይታይ። ሌላ ቁጥር ከሆነ ሁሉም ይቁም። በዊንዶውሶቹ ላይ ዩዝ-ኤፍኤስ-ስናፕሾት የሚለውን አማራጭ መጨመር የተያዙትን ፋይሎች ያስነብባል፤ የሚሠራው ግን ሥራው በአስተዳዳሪ መብት ሲነሣ ብቻ ነው፤ ታስክ ስኬጁለር ላይ ከፍተኛውን መብት የሚሰጠው ሳጥን ምልክት ይደረግበት።